ካሚል ያላመነው መላጫ

ሰዲቅ ባጃጁን ከልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ አቁሞ ሞተሩን ሲያጠፋ ደግ ነገር ይዞ እንዳልመጣ ገባኝ። ሰዲቅ የጎረቤቴ የካሚል አማች ነው፤ የልጁ የዙልፋ ባል። ሁልጊዜ ሞተሩ እየጮኸ ነው የሚያነጋግረኝ።

የሱሪ እግር እያሳጠርኩ ነበር።

«ጋሼ ወልዴ፣ አባባ ካሚል…» አለና ቀሪውን ዋጠው።

«መቼ?»

«ሱብሂ ሰግደው ጋደም አሉ። ዙልፋ ቁርስ ይዛላቸው ስትገባ አልነቁም።»

መርፌውን ከጨርቁ ነቅዬ የስፌት ማሽኑን ሸፈንኩ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ መላጫው እኔ ጋ መሆኑ ነው። ክር ከማኖርበት መሳቢያ ውስጥ፣ በሱፍ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ነው ካሚል መሞቱ የገባኝ።

በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው። እኔ ከክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ከግራር ሥር ቆሜ ነበር። ስንመለስ የካሚል ሱቅ በር ላይ ቁልፎቹ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ሁለት ቁልፍ ነበር የሚቆልፈው፤ አንዱን እንደማያምነው ይናገር ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

የኔንና የሱን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱ ፀጉር ቆራጭ፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ካሚልን የማያውቅ የለም፤ ግማሹ በእጁ ያውቀዋል፣ ግማሹ በጥርጣሬው። አዲስ ምላጭ ሲገዛ ወረቀቱን ያሸታል። ሐብሐብ ሻጭ «ጣፋጭ ነው» ካለው ጥሎት ይሄዳል፤ ዝም ካለው ይገዛዋል። ሬዲዮ ዝናብ ይጥላል ካለ ጫማውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። የደንበኛው ወንበር ጀርባውን ለመንገዱ የሰጠው በሱ ትእዛዝ ነው፤ ደንበኛው በመስታወቱ ፊቱን ሲያይ ካሚል በዚያው መስታወት በሩን ያያል።

እኔን ስንት ዓመት ሙሉ ላጨኝ። የራሱን ጉንጭ ግን ለማንም ፀጉር ቆራጭ ሰጥቶ አያውቅም። «ስለት የያዘ ሰው ፊት ለፊቴ ይቁም እንጂ አንገቴ ሥር አይግባ» ይላል።

እንዲህ ማንንም የማያምነውን ሰው፣ ሰው ሁሉ ጨቅላውን አምኖ ይሰጠው ነበር። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣሉ፣ በግ ያርዳሉ፣ የልጁን ፀጉር ያስላጫሉ። ለዚህ ሥራ ከከተማው አልፎ እስከ ቀወት ገጠር ድረስ የሚጠራው ካሚል ነበር። ለብ ያለ ውሃ ያስቀርባል። ምላጩን ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ በሁለት ጣቱ አጥፎ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ግማሹን ከመያዣው ላይ ይሰካል፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ሰው ኪሱ ውስጥ ያኖረዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ የልጁን ቆዳ ወጠር እያደረገ ፀጉሩን እንደ ጉም ይገፈዋል። ደም ሲወጣ ያየ የለም። ብዙዎቹ ልጆች እንደተኙ ነበር የሚያልቅላቸው።

ያለፈው ክረምት ይህን ቀኝ እጁን ይደብቅ ጀመር። ፂሙን ሊላጭ የመጣውን ሁሉ «ምላጭ አልቋል» ብሎ ይመልሳል፤ መደርደሪያው ላይ ግን ያልተከፈተ ፓኮ ይታየኛል። በኤሌክትሪክ ማሽን ፀጉር ብቻ ይቆርጣል። የሱ ነገር ተጋብቶብኝ መሰለኝ እኔም መጠርጠር ያዝኩ። ሱቁን ሊሸጠው ይሆን? ከኔ ጋር ሳላውቀው ተጣልቶ ይሆን? የኔን ፂም እንኳ በሰበብ አስባቡ ያስተላልፈው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ገባሁ። ሲቀበለኝ ብርጭቆው ከሥሩ ካለው ሰሃን ጋር ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«በሩን ዝጋው» አለኝ። በዚያ ሙቀት በር መዝጋት ቀልድ አይደለም። ዘጋሁት።

«አየህ?»

«ምኑን?»

«አትዋሸኝ። ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባ ዓይን ይህን አላየም?»

«አየሁ።»

«ለማን ነገርክ?»

«አሁን አይደል እንዴ ያየሁት!»

«እሺ፣ ለማን ልትነግር አስበሃል?»

ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። የነርቭ ነው ብለውት ኪኒን ሰጥተውታል። ዋጥከው ወይ ስለው «ምን እንደሆነ ሳላውቅ?» አለኝ። እሱን የጨነቀው ግን በሽታው አልነበረም። ዙልፋ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

«የሷን ፀጉር የላጨሁት እኔ ነኝ» አለ። «የልጇንም መላጨት ያለብኝ እኔ ነኝ። የሰዲቅ አባት ይህን ከሰማ ከአጣዬ የራሱን ላጪ ጭኖ ይመጣል። በጉንም፣ ላጪውንም፣ ስሙንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ አውቀዋለሁ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረና የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተው።

ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ። ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ የነበረ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ባለ እጀታ መላጫ ጀውሃ ከተማ እንደሚሸጥ፣ ገር እንደሆነ፣ እሱ ራሱ በመኪናው መስታወት እያየ ሲላጭበት አንድም ቀን ቆርጦት እንደማያውቅ አውርቶለታል።

«ውሸት ነው» አለ ካሚል። «ቆዳ የማይቆርጥ ነገር ፂም እንዴት ይቆርጣል?»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

«ውሸት መሆኑን ሄጄ ማረጋገጥ።»

እዚሁ ከተማ መግዛት አይታሰብም፤ ካሚል መላጫ ገዛ ከተባለ ሰው ሁሉ እጁን ሊያይ ይመጣል። ስለዚህ በሚኒባስ ወደ ጀውሃ ወጣን። «ወጣን» ልበል እንጂ እሱ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ነው፤ የማንተዋወቅ እንድንመስል አስምሎኛል። ገዢው እኔ ነኝ። እሱ አላፊ አግዳሚ ነው።

ሱቋ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ ናት፤ ገመድ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና፣ ሹፌር የሚፈልገው ሁሉ አለ። ባለቤቷ ፈይሩዝ የምትባል ኮስታራ ሴት ናት።

«ገር የሆነ የፂም መላጫ ፈልጌ ነበር፤ ለጀማሪ የሚሆን» አልኳት።

ሽበቴን አየች። «ጀማሪው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ በምን ሲላጩ ኖሩ?»

«ጎረቤቴ ነው የሚላጨኝ።»

«ምነው፣ ሞተ እንዴ?»

በር ላይ ከተደረደሩት የሽንኩርት ጆንያዎች ኋላ አንድ ሰው ሳለ።

ሦስት መላጫ አውጥታ የመስታወት ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረችልኝ። የመጀመሪያው ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው። «ይሄ ፂሙን ብዙ ሰንብቶ ለሚላጭ ነው፤ ለጀማሪ አልሸጥም» ብላ መለሰችው። ሁለተኛው እጀታው ሲጠመዘዝ ክዳኑ እንደ መስኮት ለሁለት ይከፈታል። ቀላል ነው፣ ግን ሲላላ አያስታውቅም አለች። ሦስተኛው አጭርና ከባድ ነው፤ ክዳኑ፣ ጠርዙና እጀታው ለየብቻ ይፈታል፤ ጠርዙ ጥርስ የለውም፣ ድፍን ነው።

«እዚህ ጋ ይዩ» አለችኝ በጥፍሯ እያሳየች። «ምላጩ ከክዳኑ ብዙም አይወጣም። ከጠርዙ ጋር ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቆዳ ይገባበታል። እዚህ ላይ የሚገባው ፀጉር ብቻ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«የቆረጣቸው ሹፌሮች ተመልሰው ይሰድቡኛል። ይሄን የገዛ ተመልሶ የሰደበኝ የለም።»

«ደምቶ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናላ» አለ ከኋላዬ ድምፅ።

ካሚል አላስቻለውም። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ በግራው መላጫውን አነሳ። መስታወቱ ላይ ደፍቶት ይወዛወዝ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ። ክዳኑን በጥፍሩ መታው። ከዚያ አሸተተው።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?» አለችው።

«መንገደኛ ነኝ።»

«መንገደኛ መላጫ ያሸታል?»

«ቅብ ብረት ይሸታል። ከዚህ ቀለል ያለ የለሽም?»

«ከባዱን ይያዙ» አለች፤ ይህን ስትል መስታወቱን እየወለወለች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ከባድ ሲሆን መጫን አያስፈልግም፤ በራሱ ክብደት ይሄዳል። ለማይረጋ እጅም ይሻላል።»

ገዛነው። ካሚል ስልክ ቁጥሯን ሳይቀበል አልወጣም። ስንመለስ ግን ከጎኔ ተቀመጠ።

«ነግረሃታል።»

«ምኑን?»

«እጄን።»

«ካሚል፣ ሴትዮዋን ዛሬ ነው ያየኋት።»

«ታዲያ እንዴት አወቀች?» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሙከራው የተደረገው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ኋላ ነው። ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ቀባኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ምላጩን አስገባና መጣ። ገና ጉንጬን ሲነካኝ እሳት የሆነ ነገር ተሰማኝ። አንገትጌዬ ላይ ደም ጠብ አለ።

ካሚል ደሙን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው አድምቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቁጣው መጣ።

«ሸወደችን! አላልኩህም? አንተን በወሬ ይዛ ዕቃውን ቀየረችው።»

«እጇ ከመስታወቱ ላይ አልተነሳም እኮ።»

«ታዲያ አንተ ነህ የተንቀሳቀስከው።»

ጥጥ ጉንጬ ላይ ይዤ ለፈይሩዝ ደወልኩላት፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ። ካሚል ስልኩ ላይ ጮኸባት። እሷ ጩኸቱን አስጨርሳ «መንገደኛው ነዎት?» አለችው።

«ማንም ልሁን! ዕቃሽ ሰው ያርዳል።»

«ምላጩን እንዴት አስገቡት?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«እንደ ሁልጊዜው እንዴት ነው?»

«እንዴት ይሆናል? ሰበርኩትና…» አለ ካሚል፤ ከዚያ ቆመ።

«ጋሼ» አለች ፈይሩዝ፣ «እሱ አይሰበርም። ሙሉውን ነው የሚገባው። ግማሽ ከሆነ ክዳኑ አይይዘውም፤ ተንጋዶ ነው የሚወጣው።» ሳቋን ስታፍን ይሰማ ነበር። ካሚል ስልኩን ቀምቶኝ ዘጋው።

ግማሽ ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ዕድሜ ልኩን ምላጭ ሲሰብር የኖረ ጣት ነው፤ ሳያስብ ሰብሮታል። ሁሉን ሲጠረጥር ያንን ጣት አልጠረጠረውም።

«ይቺ ሴት» አለ በመጨረሻ፣ «ይህን ለማንም ከተናገረች…»

«ስምህን እንኳ አታውቀውም።»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

ጉንጬ እስኪድን ጠበቀና ሁለተኛውን ሙከራ አደረግን። ሙሉ ምላጭ አስገባ፤ ክዳኑ በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑን በመስኮቱ ብርሃን አየ። መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ቆዳዬ ላይ አስቀመጠ። እጀታውን ቀስ እያለ ዝቅ አደረገ፤ ምላጩ ፀጉር ሲያገኝ እዚያው ላይ አቆመው። አጭር አጭር እያደረገ፣ ሳይጫን፣ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ወደ ታች ሄደ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መላጫው ግን ከብዶ ጉንጬ ላይ ተኝቷል። ሲጨርስ በእጁ ጀርባ ዳሰሰኝና በሌላኛው ጉንጬ በኩል ዞሮ ፊቴን በመስታወቱ አየ።

«አልቆረጠህም?»

«አልቆረጠኝም።»

«እንዳይከፋኝ ብለህ አይደለም?»

ያንን ወር በሙሉ የኔ ፂም ለመብቀል ፋታ አላገኘም። ከዚያ ፊኛ ገዝቶ መጣ። የልጅ ራስ ቆዳ የሽማግሌ ጉንጭ አይደለም አለ። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ አረፋ ይቀባል፣ ይላጫል። የመጀመሪያው ፈንድቶ አረፋው ለደንበኛ የሰፋሁት ኮት ላይ አረፈ። ሌሎቹም ተከታተሉት። በእያንዳንዱ ፍንዳታ ካሚል ወደ በሩ ሮጦ ማን እንደሰማ ያያል። አንድ ቀን ግን አንድ ቀይ ፊኛ ዙሪያውን ተላጭቶ ሳይፈነዳ ቀረ። ካሚል ክር ለመነኝና ሱቁ ጣሪያ ላይ አንጠለጠለው። ደንበኛ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ለጌጥ ነው» ይላል፤ እየተጨማደደ አንድ ፍሬ እስኪያክል እዚያው ነበር።

መላጫውን ቤቱ አልወሰደውም። «ሰዲቅ ዕቃ ይበረብራል፤ ያገኘዋል» አለኝ። እኔ ጋ እንዲቀመጥ ያደረገውም፣ እኔን አምኖ ሳይሆን፣ መሳቢያዬን ማንም እንደማይከፍት አይቶ ነው አለ። እኔም ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ልጁ የተወለደው ካሚል ከተቀበረ በኋላ ነው። ወንድ ነው። በሰባተኛው ቀን በጉ ታረደ፣ ስሙ ሀሩን ተባለ። ፀጉሩ ግን አልተላጨም። የሰዲቅ አባት እንደተፈራው ከአጣዬ ላጪ ይዘው መጥተው ነበር፤ ዙልፋ ዛሬ አይሆንም አለች። ሽማግሌዎቹም ቢዘገይ ነውር የለውም ብለው ነገሩን አበረዱት።

በማግሥቱ ልጁን አቅፋ እኔ ሱቅ መጣች።

«ጋሼ፣ መላጫው እርስዎ ጋ ነው አይደል?»

«የምን መላጫ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! ያ ሁሉ ፊኛ ሲፈነዳ ሰፈሩ ምን ሲሰማ የነበረ ይመስልዎታል?»

«እጃቸውንም ታውቂ ነበር?»

«ሻያቸውን ግማሽ ግማሽ የምቀዳላቸው ለምን ነበር? ሰዲቅም ፂም ሊላጭ የሚመጣውን ሰው ከመንገድ ይመልስላቸው ነበር፤ ዛሬ ደክመዋል እያለ። እንዳወቅን እንዳያውቁ ነው ስንጨነቅ የከረምነው።»

ካሚል ሁላችንም አንድ ነገር እንደምንደብቀው ሲጠረጥር ነው የሞተው። እውነቱን ነበር።

መሳቢያውን ከፍቼ መላጫውን አወጣሁላት። አልተቀበለችኝም።

«አባቴ ልጁ በዚህ እንዲላጭ ነበር የፈለጉት» አለች። «የተለማመዱት በእርስዎ ፊት ላይ ነው። አሠራሩን ያየ ሌላ ሰው የለም። እርስዎ ይላጩልኝ።»

«ዙልፋ፣ እኔ የተላጨሁ ነኝ እንጂ የላጨሁ አይደለሁም። በገዛ እጄ የራሴን ጉንጭ ነክቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የራስዎን ይላጩበት። ካልቆረጠዎ ልጁን አምጥቼ ጭንዎ ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

ፂሜን ዳሰስኩ። በኛ ዘንድ ሐዘን ያለበት ወንድ ፂሙን ያሳድጋል፤ ካሚል ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም። «የለቅሶ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን አባቴ ቢያዩዎ ምን ይሉ ነበር?»

«‹ከማን ተደብቀህ ነው?› ይለኝ ነበር።»

ዙልፋ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች። ሀሩን ተኝቶ ነበር። ፀጉሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ግንባሩ ላይ ወርዷል።

ምላጭ ገዛሁ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ወረቀቱን ሳሸት ራሴን አገኘሁት። ሙሉውን አስገብቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑን በመስኮቱ ብርሃን አየሁ። ክዳኑን ጉንጬ ላይ አስቀመጥኩ። እጀታውን ዝቅ ማድረግ ስጀምር ግን እጄ መጫን እንደፈለገ ተሰማኝና አነሳሁት። እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ግን ዕድሜውን መርፌ ሲገፋ የኖረ እጅ ነው። ካሚልን ጣቱ እንዴት እንዳታለለው አይቻለሁ። የኔንም አላመንኩትም።

ፊኛ ልገዛ አስቤያለሁ። ግን የሚነፋልኝ ሰው የለም፤ መንፋቱንም መላጨቱንም ለብቻዬ ማድረግ ከብዶኛል።

መላጫው ከክሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዙልፋ በየሳምንቱ በሱቄ በኩል ስታልፍ ፊቴን አይታ ምንም ሳትናገር ትሄዳለች። ፂሜን አልተላጨሁም። የሀሩን ፀጉርም ገና አልተላጨም።